የዒላማ ጥይት ለምን አልቀመስ አለ?

አሜሪካ፣ ዳላስ ወይም ዴንቨር ያለ የባሕር ዳር ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ያደርጋል? አንዱ ኳስ ያያል። አንዱ ቡና ተጠርቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ፣ እዚህ ላለ ዘመድ ማስረዳቱ ትንሽ ቢከብደውም፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የዒላማ ሜዳ ሄዶ ወረቀት ላይ ይተኩሳል። እዚያ ሕጋዊ መዝናኛ ነው። መግቢያ ይከፍላል፣ የጆሮ መከላከያ ያጠልቃል፣ አንድ ሁለት ፓኮ ጥይት ይጨርስና ወደ ቤቱ። ሲደውል ታዲያ ከቤት ኪራይና ከመኪና ኢንሹራንስ ቀጥሎ "ጥይትማ አልቀመስ አለ" ይላል።

ጣና ዳር ሆኖ ይህን ለሚሰማ ሰው ነገሩ ግራ ነው። ጥይት ሲባል እኛ ጋ የሚታሰበው ሌላ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ወሬው ራሱ አያስደስትም። ስለዚህ ከወዲሁ ልለየው። የምጽፈው ስለ ውጭው የስፖርትና የመዝናኛ ተኩስ ገበያ ነው። በኛ አገር ጥይት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዙንም፣ ማስገባቱንም፣ መነገዱንም በፈቃድ አስሮታል።

ቢሆንም ጉዳዩ ማወቅ የሚገባው ነው። አንድ ተራ የፋብሪካ ዕቃ ዋጋው እንዴት በሦስት እጥፍ ዘሎ እንደሚወጣና ለምን እንደ አወጣጡ እንደማይወርድ በደንብ ያሳያል። መንገዳችን ላይ ጥጥና ማዳበሪያም እናገኛለን። እነዚህን ደግሞ የባሕር ዳርና የሜጫ ሰው ከማንም በላይ ያውቃቸዋል። (ከአዋጁ በቀር ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ዕቃውን ራሱን እንየው። አንዲት ጥይት አራት ነገር ናት፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከፊት ያለችው አረር፣ እና ከቀለሁ ቂጥ ላይ የተሰካችው ትንሽ ክብ መለኮሻ። ቃታው ሲሳብ የመሣሪያው መርፌ መለኮሻዋን ይመታል። መለኮሻዋ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። የባሩዱ ጋዝ አረሯን ገፍቶ ያስወጣል። ቀለሁ ብዙ ጊዜ ከናስ ነው፤ ናሱም 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። አረሯ እርሳስ ናት። እርሳስ ብቻውን ስለሚልፈሰፈስ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን በትንሹ ይገባበታል፣ ላዩም በመዳብ ይለበጣል።

ከአራቱ ትንሿ መለኮሻዋ ናት። ስፋቷ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የችግሩ ዋና ቋጠሮ ያለው ግን እሷ ላይ ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል፤ ገብሱም ብቅሉም ጋኑም ሞልቶ ጌሾ ከጠፋ ጠላ የለም። ፋብሪካውም ናስና እርሳስ ቢቆለልለት መለኮሻ ከሌለው የሚሸጠው ነገር የለውም።

መለኮሻን ማንም ተነሥቶ የሚሠራት ነገር አይደለችም። ውስጧ ያለው ቅመም በትንሽ ምት የሚፈነዳ ነው። ሕንፃው ልዩ ነው፣ ማሽኑ ልዩ ነው፣ ሠራተኛውም ረጅም ሥልጠና ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት በብዛት የሚያመርቱት አራት ስሞች ብቻ ነበሩ፦ ፌደራል፣ ሲሲአይ፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን። ሬሚንግተን በ2020 ሐምሌ ወር ለኪሳራ አመለከተ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ይህ የሆነው ገበያው በተቃጠለበት ሰዓት ነው። የጥይት ክፍሉን በ81.4 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የፌደራልና የሲሲአይ ባለቤት የነበረው ቪስታ አውትዶር ነበር። አራቱ ስሞች በሁለት ባለቤት ሥር ገቡ ማለት ነው። በ2024 ኅዳር ደግሞ የቪስታ የጥይት ንግድ ተጠቅልሎ ቼኮዝሎቫክ ግሩፕ ለተባለ የቼክ ኩባንያ በ2.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ኩባንያው የጣሊያኑን ጥይት አምራች የፊዮኪን ባለቤትነት ቀድሞ በ2022 ይዞ ነበር። መደርደሪያው ላይ ስሙ ብዙ ነው፤ ከጀርባው ግን ጥቂት ሰው ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋጋው። የቅርቡ ትልቅ ንረት የጀመረው በ2020 ነው። ኮሮና ገባ። ከዚያ የጆርጅ ፍሎይድ ግድያ የቀሰቀሰው ተቃውሞ ተከተለ። ከዚያ የምርጫው ውጥረት። አሜሪካኖች መሣሪያ ለመግዛት ተሰለፉ። የፌደራል ምርመራ ቢሮው (ኤፍቢአይ) የገዢዎችን ማንነት የሚያጣራበት ሥርዓት በዚያ ዓመት ከ39 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ አስተናገደ። ሁሉም ግዢ ነበር ማለት አይደለም፤ ግን እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ መሣሪያቸውን የያዙ ነበሩ። እያንዳንዱ ሁለት ፓኮ ጥይት ብቻ ቢጨምርበት እንኳ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ነው። 20 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ትሸጥ የነበረችው አንዷ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት በ2021 መጀመሪያ ከ60 ሳንቲም በላይ ወጣች። አንዳንድ ቦታ 1 ዶላር ገባች።

እዚህ ላይ የጥይት አንድ ጠባይ መታወቅ አለበት። አትበሰብስም። ደረቅ ቦታ ካስቀመጧት አሥርተ ዓመታት ትቆያለች። ይህን የኛ ሰዎች ድሮ አውቀውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ የማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ሲበዛ፣ ከአሞሌ ጨው ጎን የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ገበያ ወጥቶ በጥይት የሚሸምት ሰው ነበር ማለት ነው። ገንዘብ መሆን የሚችል ዕቃ ደግሞ ሰው ሳይጠቀምበትም ሊይዘው ይፈልጋል። አሜሪካዊውም በ2020 የገዛውን አብዛኛውን አልተኮሰውም፤ አስቀመጠው። እንቁላል ቢሆን ሁለት ሳምንት አከማችቶ ይተው ነበር። ጥይት ግን ጋራዥ ውስጥ ትከመራለች፣ ከዚያ ሌላ ይጨመርባታል። ፋብሪካዎቹ ሌት ተቀን አምርተውም መደርደሪያው ያልሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረውን መገመት አያቅትም። አየር በአየር ነጋዴው ገባበት። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት የገዛውን ማታ በእጥፍ ይሸጣል። ሱቆች "ለአንድ ሰው አንድ ፓኮ" ብለው ገደብ ጣሉ፤ ገደቡ ራሱ ደግሞ "ሊያልቅ ነው" የሚል ማስታወቂያ ሆነ። አንድ ፓኮ የማይፈልገውም ሰው ሄዶ አንዱን ያዘ። ሰልፍ ሰልፍ ይወልዳል።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2012 ታኅሣሥ በኮነቲከት የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ ሕጉ ሊጠብቅ ነው የሚል ስጋት ተነሣ። ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ የጠፋችው 22 ካሊበር የምትባለው ትንሿ ጥይት ናት። ርካሿ እሷ ነበረች፤ ጀማሪ የሚለማመድባት፣ አባት ልጁን የሚያስተምርባት። ዓመታት ሄዱ፣ አሁንም እንደ ልብ አትገኝም ነበር። ያን ጊዜ "መንግሥት ሆን ብሎ ገዝቶ እየጨረሰው ነው" የሚል ወሬ አገሩን ሞላው፤ ጣት የተቀሰረው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ላይ ነበር። የኮንግረሱ ኦዲት ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ አጣርቶ በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የጥይት ግዢ ከ2009 ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱን ገለጸ። እኔን ብትጠይቁኝ የሴራ ወሬ የሚመቸው ቀላል ስለሆነ ነው። "ሁላችንም ስለ ሰጋን ሁላችንም አጣን" ከማለት "እነሱ ደበቁት" ማለት ይቀላል።

ታዲያ ይህን ያህል ፈላጊ ካለ ፋብሪካው ለምን አይስፋፋም? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፣ ተገቢም ነው። መልሱ ያለው 2016 ላይ ነው። ዶናልድ ትራምፕ ሲመረጡ "ሕግ ይጠብቃል" የሚለው ስጋት በአንድ ሌሊት ጠፋ። ሰው መግዛት አቆመ፤ ጋራዡ ሙሉ ነዋ። ስጋቱ ይቀጥላል ብለው ያመረቱት ዕቃው እጃቸው ላይ ቀረ። የሬሚንግተን የመጀመሪያው ኪሳራ በ2018 የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በርግጥ ቀድሞም ዕዳ ነበረበት። ይህን ያየ ባለ ፋብሪካ ፈረቃ ይጨምራል እንጂ ሕንፃ አይጨምርም። አዲስ የመለኮሻ መስመር ተተክሎ ሥራ እስኪጀምር ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ ድንጋጤው ቢያልፍ ዕዳውን ማን ይከፍላል?

ሁለተኛው ቋጠሮ ባሩዱ ነው። እዚህ ጋ ታሪኩ ወደኛ ይጠጋል።

የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። የሚሠራው ከጥጥ ወይም ከእንጨት ጭረትና ከናይትሪክ አሲድ ነው። በባሕር ዳር ጥጥ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ለባሩድ የሚፈለገው ግን ክር የሚሆነው ጥጥ አይደለም። ጥጡ ከተዳመጠ በኋላ ፍሬው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው አጭሩ ጸጉር ነው። ለፈታይ ምንም የማይጠቅም ነገር። አውሮፓ ይህን ጸጉር በብዛት የምታመጣው ከቻይና ነው። አንድ የአውሮፓ መድፍ ባሩዱን የሚያገኘው ከቻይና ጥጥ ተረፈ ምርት መሆኑን የአኅጉሩ መሪዎች ልብ ያሉት ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ናይትሪክ አሲዱ ደግሞ ከአሞኒያ ይሠራል። አሞኒያው ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። ዩሪያ የምንለው ማዳበሪያም ከዚያው አሞኒያ ነው። በ2021 እና በ2022 የአውሮፓ ጋዝ ዋጋ ጣራ ሲነካ የአሞኒያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም ለጊዜው ቆሙ። መራዊ፣ ቆጋ መስኖ ላይ ያለው ገበሬ ማዳበሪያ ለምን እንዲያ እንደ ተወደደበት ያስታውሳል። የባሩዱ ሰውም ችግሩ ከዚያው ምንጭ ነካው። ገበሬው መሬት ላይ በቆሎ ለማብቀል፣ ያኛው ዴንቨር ወረቀት ለመብሳት፣ ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ቧንቧ ነው። ከሁለቱ የማን ችግር እንደሚያሳዝነኝ መናገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ የዩክሬን ጦርነት መጣ፣ የካቲት 2022። መድፍ ባሩድ በላተኛ ነው። የ155 ሚሊ ሜትር መድፍ ሩቅ ሲተኩስ በአንድ ጉርሻ 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ባሩድ ሊወስድ ይችላል። አንዲት የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የግራም ሲሶ ገደማ ነው የምትይዘው። የባሩዱ ዓይነት ይለያያል፤ መሠረቱ ግን ያው ናይትሮሴሉሎስ ነው። በክብደት ብቻ ካሰላነው አንዱ የመድፍ ጉርሻ 30 ሺህ ያህል የሽጉጥ ጥይት ማለት ነው። በ2023 መጋቢት የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ዓመት 1 ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለዩክሬን እሰጣለሁ ብሎ ወሰነ። በተባለው ጊዜ አልደረሰም፤ ያልደረሰበት አንዱ ምክንያት ባሩድ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት የዒላማ ክለብ አባል ወረፋው ስንተኛ እንደሚሆን ግልጽ ነው። መጨረሻ።

አሜሪካም ያው ነው። ለሠራዊቱ ናይትሮሴሉሎስ በዋናነት የሚሠራው በቨርጂኒያ ራድፎርድ ያለው የመንግሥት ፋብሪካ ነው። በሚዙሪ ያለው ሌክ ሲቲ የተባለው የሠራዊት ጥይት ፋብሪካ ደግሞ ከ2020 ጥቅምት ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው በዊንቸስተር ባለቤት ኦሊን ነው። ከሠራዊቱ ፍላጎት የተረፈው አቅም ለሲቪሉ ገበያም ያመርታል። ሠራዊቱ ብዙ ሲፈልግ የሚተርፈው ያንሳል፤ ምሥጢር የለውም። በ2023 መጨረሻ ቪስታ የባሩድ እጥረት እንደሚጠበቅ ለደንበኞቹ ጽፎ ከ2024 ጥር ጀምሮ ዋጋ ጨመረ።

በዚህ መሀል ርካሹ አማራጭም ተዘግቶ ነበር። በአሜሪካ ርካሽ የሚባለው ጥይት ቀለሁ ከብረት የሆነው የሩሲያ ምርት ነበር። ቱላና ባርናውል የሚባሉትን ስሞች የዒላማ ተኳሽ ሁሉ ያውቃቸዋል። የሩሲያ ተቃዋሚ አሌክሴይ ናቫልኒ ከተመረዘ በኋላ አሜሪካ በ2021 ነሐሴ ማዕቀብ አወጀች፤ ከመስከረም 7 ጀምሮ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ቀረ። ድሮ የገባው እስኪያልቅ ተሸጠ፣ ከዚያ አበቃ። ኪሱ ለሳሳ ሰው ይህ ከሌላው ሁሉ የከፋው ነበር።

ስለ ብረታ ብረቱ ብዙ አልልም። መዳብ በ2020 መጋቢት በቶን 5 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር፤ በ2021 ግንቦት ከ10 ሺህ አለፈ። አንቲሞኒ ይብሳል። ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉን የምታወጣው ቻይና በ2024 መስከረም ወደ ውጭ መላኩን በፈቃድ አደረገች፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ አሜሪካ እንዳይሄድ ከለከለች። ዋጋው በዚያ አንድ ዓመት ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። አንቲሞኒ አረሯ ውስጥ ብቻ ሳይሆን መለኮሻዋ ውስጥም ይገባል። ታክስም አለ፤ የፌደራል መንግሥቱ 11 በመቶ ከዱሮም የነበረ ነው፣ ካሊፎርኒያ በ2024 ሐምሌ ሌላ 11 በመቶ ጨመረችበት።

ታዲያ ተኳሹ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ባዶ ቀለሁን ለቅሞ ራሱ እንደገና ይሞላዋል። እዚያ ይህ ሕጋዊና የቆየ ልማድ ነው። ግን መለኮሻና ባሩድ መግዛቱ ስለማይቀር ከቋጠሮው አያመልጥም፤ በ30 እና 40 ዶላር መካከል የነበረው የ1000 መለኮሻ ዋጋ በእጥረቱ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። 22 ካሊበሯ ደግሞ መለኮሻ ቅመሟ በቀለሁ ከንፈር ውስጥ ስለሆነ አትሞላም። አንዴ ከተተኮሰች አለቀች።

ለኔ ብልህ የሚመስለኝ የአየር ጠመንጃው መንገድ ነው። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ የተኩስ ውድድሮቹ 15 ነበሩ። ከእነሱ 6ቱ የሚካሄዱት ባሩድ በሌለው፣ በታመቀ አየር በሚሠራ ጠመንጃና ሽጉጥ ነው። ርቀቱ 10 ሜትር ነው። የምትወረወረው 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ ናት። የጠመንጃው ዒላማ መሀል፣ አሥር የሚያሰጠው ነጥብ፣ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። መለኮሻ የለም፣ ቀለህ የለም፣ ናይትሮሴሉሎስ የለም። የመድፍ ጦርነት ቢነሣም ባይነሣም ልምምዱ አይቆምም። በተቃራኒው በሾትጋን የሚበር ሰሃን የሚመታው ስፖርተኛ አሳሩን ያያል። ትራፕ በሚባለው የሰሃን ውድድር ማጣሪያ 125 ሰሃን ይለቀቅለታል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ መተኮስ ይፈቀድለታል። ሁሉንም ከተጠቀመ 250 ጥይት ነው። እያንዳንዷ እስከ 24 ግራም እርሳስ ትይዛለች፤ ሲደመር 6 ኪሎ። ይህ ውድድሩ ብቻ ነው፣ ልምምዱን ሳንቆጥር።

እርሳሱ የሚወድቀው ደግሞ መሬት ላይ ነው፣ አንዳንዴም ውሃ ዳር። የውሃ ወፎች ምግብ ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ፤ የእርሳሱን ፍሬ ጠጠር መስሏቸው ይውጡታል፣ ይመረዛሉም። ጣና ዳር የሚያድር ሰው ስለ ረግረግና ስለ ወፍ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሐይቁ ከነዳርቻው ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ነው። አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን በ1991 ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት በረግረግ አካባቢ በእርሳስ መተኮስን ከ2023 የካቲት አግዷል። ምትኩ ብረት ወይም ቢዝሙት ነው። ቢዝሙት ውድ ነው፤ ይህም ተጨማሪ ወጪ ነው። ይህኛው የዋጋ ጭማሪ ግን ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ ድሮው ዋጋ ይመለሳል ወይ? 9 ሚሊ ሜትሯ ከ2021ዱ ጣራ ብዙ ወርዳለች። ድንጋጤው ያልፋል፤ የመዳቡ፣ የአሲዱና የደመወዙ ጭማሪ ግን ይቀራል። የአውሮፓ መንግሥታት ደግሞ መጋዘናቸውን ለመሙላት ገና ዓመታት ይቀራቸዋል። የሚገዛ መንግሥት እያለ ለግለሰብ የሚራራ ሻጭ የለም።

ዳላስና ዴንቨር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ስትመጡ የዒላማ ሜዳ የያዛችሁትን ቦርሳ ይዛችሁ አትምጡ፤ ሌላ ቦርሳ ውሰዱ። የተረሳች አንዲት ጥይት ኪስ ሥር ብትገኝ እዚያ የበረራ ጥበቃ ደንብ ጥያቄ ናት፣ እዚህ ግን የአዋጅ ጥያቄ ትሆናለች። ለማስታወሻ ያስቀመጣችሁት ባዶ ቀለህም ቢሆን ለፈታሹ አስረዱት መባላችሁ አይቀርም።